ለሊስፕ ማን ይክፈል?

ነፃ ሶፍትዌር (ኮዱን ማንም የሚያየው፣ የሚያሻሽለውና የሚያቀብለው) ሲባል ብዙ ሰው ትዝ የሚለው ሊኑክስና ማይክሮሶፍት የተናነቁበት ዘመን ነው። ጠቡ ግን ከዚያ ይቀድማል፤ ደግሞም የሩቅ ጠላቶች ጠብ አልነበረም። የተጣሉት አንድ ሕንፃ ውስጥ አብረው ሲያመሹ የኖሩ፣ ሊስፕ በሚባል ቋንቋ ፕሮግራም የሚጽፉ፣ ቢሰበሰቡ አንድ መካከለኛ አዳራሽ የማይሞሉ ሰዎች ናቸው። የኔም እንጀራ ዛሬ ከዚሁ ቋንቋ ስለሆነ ታሪኩን እንደ ቤተሰብ ጉዳይ ነው የማየው። (ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።)

ሊስፕን የጀመረው ጆን ማካርቲ ነው፤ በ1958፣ ኤምአይቲ ውስጥ። በ1970ዎቹ እዚያው የአርቲፊሻል ኢንተለጀንስ ላብራቶሪ ውስጥ ሪቻርድ ግሪንብላትና ጓደኞቹ ሊስፕን እንዲያስኬድ ተብሎ ብቻ የተነደፈ ኮምፒውተር ሠሩ። ማሽኑ ሲሰምር ገበያ ታያቸው፣ ገበያው ሲታያቸው ተለያዩ። ግሪንብላት የውጭ ባለሀብት ሳይገባበት ከራሱ ሽያጭ ቀስ እያለ የሚያድግ ኩባንያ ፈለገ። ራስል ኖፍትስከር ደግሞ ካፒታል ተሰብስቦ በትልቁ ካልተገባ አይሆንም አለ። ከመጀመሪያው ሐሳብ ኤልኤምአይ፣ ከሁለተኛው ሲምቦሊክስ ተወለደ። የላብራቶሪው ሰው አብዛኛው ሲምቦሊክስ ገባ። ለጥቂት ጊዜ ሦስቱም ወገን ኮድ መቀባበላቸው አልቀረም ነበር፤ በ1982 ግን ሲምቦሊክስ ማሻሻያዎቹን ኤምአይቲ ራሱ ቢጠቀምባቸው እንጂ ለኤልኤምአይ አሳልፎ እንዳይሰጥ ከለከለ።

ላብራቶሪው ውስጥ ከቀሩት አንዱ ሪቻርድ ስቶልማን ነበር። እስከ 1983 መጨረሻ ድረስ ሲምቦሊክስ የሚያወጣውን ማሻሻያ ብቻውን ከዜሮ እየጻፈ ለኤልኤምአይ ይሰጥ ነበር። አንድ ሰው ከአንድ ኩባንያ ፕሮግራመሮች ጋር እኩል ሲሮጥ ማለት ነው። በሴፕቴምበር 1983 ይህ ሩጫ የትም እንደማያደርስ የገባው ይመስለኛል፤ የግኑን ፕሮጀክት፣ ሙሉ በሙሉ ነፃ የሆነ የኮምፒውተር ሥርዓት የመሥራት ዕቅዱን፣ አስታወቀ። ዛሬ ብዙ ስልኮች ውስጥ፣ ብዙ ሰርቨሮች ውስጥ ያለው ጂፒኤል የሚባለው ፈቃድ፣ በሱ ላይ ጨምሮ የሚያሰራጭ ሁሉ ኮዱን በዚያው ፈቃድ እንዲከፍት የሚያስገድደው፣ ዘሩ ሲቆጠር እዚያ ይደርሳል።

ይህን ታሪክ ሲያወሩት አንዱን ወገን መልአክ፣ ሌላውን ስግብግብ ማድረግ የተለመደ ነው። እኔ አልስማማም። ግሪንብላትም ነጋዴ ለመሆን ነበር የወጣው፤ ማሽኑን በገንዘብ ነበር የሚሸጠው። መሸጡ ማንንም አላጣላም። ያጣላው ኮዱን «ለጎረቤትህ አታቀብል» የሚለው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ይህን ልዩነት ያልያዘ ክርክር፣ በተለይ በኛ ዓይነት ትናንሽ ቋንቋዎች ውስጥ፣ ሁልጊዜ «በነፃ ይሁን ወይስ በክፍያ» ወደሚል ስድብ ይወርዳል።

ሲምቦሊክስ በማርች 1985 የመጀመሪያውን የዶት ኮም አድራሻ ያስመዘገበ ኩባንያ ነው። ብዙም ሳይቆይ ርካሽ ኮምፒውተሮች እየፈጠኑ መጡ፣ ለአርቲፊሻል ኢንተለጀንስ የሚፈሰው ገንዘብ ነጠፈ፣ ኩባንያው በ1990ዎቹ ከሰረ። የጨው ገደል ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል። ጄነራ የሚባለው ስርዓታቸው፣ የሠሩበት ሰዎች እስከ ዛሬ አቻ አላየንለትም የሚሉት፣ አሁንም በነፃ ፈቃድ አልተለቀቀም።

ከዚህ ጎን አንድ ሌላ ሞት ላስቀምጥ። ካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሲኤምዩሲኤል የሚባል ኮምፓይለር (የጻፍነውን ኮድ ኮምፒውተሩ ወደሚያስኬደው የሚቀይር ፕሮግራም) ነበር፤ የሚሠራው ኮመን ሊስፕ ለሚባለው የሊስፕ ዓይነት ነው። ገንዘቡ ከአሜሪካ መከላከያ የምርምር ድርጅት ከዳርፓ ነበር የሚመጣው፤ በ1994 ቆመ። እዚህም ደመወዝ ተቋረጠ፣ እዚህም ሰው ተበተነ። ኮዱ ግን የሕዝብ ንብረት ነበርና በጎ ፈቃደኞች ይዘውት ቀጠሉ። በዲሴምበር 1999 ዊሊያም ኒውማን ከዚያ ቅርንጫፍ አውጥቶ ኤስቢሲኤልን ለቀቀ። ስሙ (ስቲል ባንክ ኮመን ሊስፕ) የብረትና የባንክ ቀልድ ነው፤ ካርኔጊ በብረት፣ ሜለን በባንክ የከበሩ ናቸውና። ዛሬ ኤስቢሲኤል በየወሩ አዲስ እትም ይወጣለታል፣ እኔም ቀኑን ሙሉ የምሠራው በሱ ነው። በሁለቱም ቤት ገንዘቡ አለቀ፤ ልዩነቱ ገንዘቡ ሲያልቅ ኮዱ የት እንዳለ ብቻ ነበር።

ይህን ብዬ ግን ኩባንያዎቹን ልረግም አልችልም፤ ብረግም ውለታ ቢስ ነኝ። ኮመን ሊስፕ በ1994 የአሜሪካ ብሔራዊ ስታንዳርድ ሲሆን ኮሚቴው ውስጥ ዓመታት የተቀመጡት ሰዎች ብዙዎቹ ደመወዛቸው ከኩባንያ ነበር። እኔን የመሰለ ሰው አንድ ፈንክሽን ሲጠፋበት በቀን ስንት ጊዜ የሚከፍተው ሃይፐርስፔክ የሚባለው ማጣቀሻ የተዘጋጀው ሃርለኩዊን በሚባል የእንግሊዝ የንግድ ኩባንያ ውስጥ ነው፤ ያዘጋጀው ኬንት ፒትማን፣ ዓመቱ 1996። ሃርለኩዊን ራሱ በ1999 ወደቀ። ሊስፕወርክስ የሚባለው ምርቱ ግን ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ቆይቶ ዛሬም በስሙ በተቋቋመ ኩባንያ ይሸጣል። ሃይፐርስፔኩም አለ። ነፃውን ኮምፓይለር በነፃ የምንጠቀም ሁሉ የምናነበው የነጋዴ ስጦታ ነው።

ሌላ ምሳሌ ልስጥ፤ ይቺ ትንሽ ቴክኒካል ናት፣ ግን ጠቡ የት ቦታ ሥጋ እንደሚለብስ ታሳያለች። ሲ በሚባለው ቋንቋ የተጻፈ ፕሮግራም የሌላ ሰው ላይብረሪ (ተዘጋጅቶ የሚወሰድ የኮድ ስብስብ) ሲጠቀም ሁለቱ በተለያየ ፋይል መቀመጥ ይችላሉ። ሊስፕ ውስጥ አንድን ፕሮግራም ለደንበኛ ስትሰጥ በሜሞሪ ውስጥ ያለው ሁሉ፣ ኮምፓይለሩ፣ የሰው ላይብረሪ፣ ያንተ ኮድ፣ ትናንት ለሙከራ የጻፍከው ቆሻሻ ጭምር፣ ባለበት ተጠቅልሎ አንድ ትልቅ ፋይል ሆኖ ይወጣል። በኤስቢሲኤል ትእዛዙ «ሴቭ-ሊስፕ-ኤንድ-ዳይ» ይባላል፤ ስሙን ያወጣለት ሰው ቀልድ አላጣም። ታዲያ ሌሰር ጂፒኤል የሚባለው ፈቃድ (ለላይብረሪ ላላ ያለው ጂፒኤል) የተጻፈው የሲን ዓለም እያሰበ ነው፤ «ሊንክ ማድረግ» ሲል እኛ ጋ ምን ማለቱ እንደሆነ አይታወቅም። የደንበኛው የግል ኮድ ከላይብረሪው ጋር እንዲህ ከተቦካ በኋላ ይከፈት ነው ወይስ አይከፈት? ይህን ግራ መጋባት ለመፍታት ለሊስፕ የሚሆን መግቢያ ጽፎ ከፈቃዱ ፊት የለጠፈው ፍራንዝ የሚባለው ኩባንያ ነው፤ ከ1984 ጀምሮ ሊስፕ ሲሸጥ የኖረ። ብዙ ነፃ ላይብረሪዎች ዛሬም በዚያ ፈቃድ ነው የሚወጡት።

በተቃራኒውም አለ። ክሊስፕ የሚባለውን ኮምፓይለር የጻፉት ብሩኖ ሃይብልና ሚካኤል ሽቶል ጀርመናውያን ናቸው። ፕሮግራማቸው ሪድላይን የምትባል ትንሽ የግኑ ላይብረሪ ይጠቀም ነበር፤ ሥራዋ በቀስት ቁልፍ ወደ ኋላ ሄደህ የጻፍከውን መስመር እንድታርም ማድረግ ነው። በ1992 ስቶልማን፣ ሪድላይን ካለበት ጠቅላላው ሥራ በጂፒኤል መውጣት አለበት ብሎ ጻፈላቸው። ሃይብል ተከራከረ፣ ሌላ መንገድ አቀረበ፣ በመጨረሻ ተስማማ። ደብዳቤዎቹ ከክሊስፕ ኮድ ጋር አብረው ይሰራጫሉ፤ አንብቧቸው። ለቀስት ቁልፍ ሲባል ሙሉ ኮምፓይለር ፈቃድ ቀየረ። ይህ ድል ነው ወይስ ጉልበት? እኔ በሚያነበው ሰው ስሜት ይወሰናል ባይ ነኝ።

አሁን ወደ ሶማሌ ተራ እንሂድ።

የመኪና መለዋወጫ የሚያስመጡ አንድ ደንበኛ አሉኝ። የሠራሁላቸው ፕሮግራም አንድ ኮንቴይነር ሲገባ የእያንዳንዱን ዕቃ ዋጋ ያወጣል፤ የግዢ ዋጋ፣ ማጓጓዣ፣ ቀረጥ፣ ሱር ታክስ፣ 15 በመቶ ቫት፣ የመጋዘን ኪራይ። በጁላይ 2024 የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ ብዙም ሳይቆይ ከ100 በላይ ሆነ። በዚያ ሰሞን የዋጋ አሠራራቸው በየቀኑ ይለዋወጥ ነበር፤ ዛሬ በግዢው ቀን ምንዛሪ፣ ነገ በመተኪያ ዋጋ፣ ከነገ ወዲያ በሁለቱ አማካይ። ሊስፕን የምወደው ለዚህ ነው። ፕሮግራሙ እየሠራ፣ ሱቅ ውስጥ ሰው ቆሞ እየገዛ፣ ከቤቴ ገብቼ አንዱን ፈንክሽን ብቻ በአዲስ እተካና እወጣለሁ። የሚጠፋ፣ የሚነሣ ነገር የለም። ካሸሯ ያወቀችው ቁጥሩ ሲቀየር ነው።

እሳቸው ይህን ሁሉ ወደውታል። ውል ልናድስ ስንቀመጥ ግን እንዲህ አሉኝ፦

«አንተ ልጅ፣ ይሄ የምትሠራበት ቋንቋ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ስንት ሰው ያውቀዋል?»

«ጥቂት ነን፣ ጋሼ።»

«እግዜር ያቆይህና፣ አንድ ነገር ብትሆን ማንን ልጥራ?»

ይህ የትንንሽ ቋንቋ ሁሉ የንግድ ጥያቄ ነው። ሌላው ሁሉ ትርፍ ነው። የሚሸጡ ኮምፓይለሮች አንዱ መልሳቸው ስልክ የሚያነሣ ሰው ማቅረብ ነው፤ ለትልቅ ድርጅት ይህ ትልቅ ነገር ነው፣ ይከፈልበታልም። ለጋሼ ግን አይሆንም። ካሊፎርኒያ ያለው ሰው ስለ ኮምፓይለሩ እንጂ ስለ ፍሬን ሸራ ዋጋ አያውቅም። ፈቃዱ ደግሞ በዶላር ነው። ምንዛሪው ከፍና ዝቅ ማለቱን ተዉት፣ ካርድ ይዞ ለውጭ ሶፍትዌር መክፈል ራሱ ለኛ የወረፋና የደብዳቤ ጉዳይ ነው። ከሊስፕወርክስ ያለ ክፍያ የሚሰጠው የግል እትም አለ፤ ሜሞሪው የተገደበ ነው፣ አንዴ ከተከፈተ ከአምስት ሰዓት በኋላም ይዘጋል። ለመማር ያገለግላል፤ ሱቁ ግን ከጠዋት እስከ ማታ ክፍት ነው። ለሻጩ አልፈርድበትም፤ ሁሉን በነፃ ከሰጠ ማን ይገዛዋል? እኔ ጋ ሲደርስ ግን ነፃው ኮምፓይለር የእምነት ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ ብቸኛው የሚቻል ነገር ይሆናል።

ለጋሼ የሰጠሁት መልስ ኮዱ ከነሙሉ ታሪኩ እሳቸው ቢሮ ባለው ኮምፒውተር እንደሚቀመጥ፣ በአማርኛ የተጻፈ የአሠራር መመሪያ እንደሚኖረውና አንዲት ወጣት ባልደረባዬ ሥራውን እንደምታውቀው ነበር። ቢሯቸው ጠርቻት አስተዋወቅኳቸው። «አንቺም ይሄን ቅንፍ ብቻ የሆነ ነገር ትችዪዋለሽ?» አሏት። ትችላለች። ከኔ በላይ ትጽፋለች ብዬ ብናገር አላጋነንኩም።

የአማርኛ አንባቢ ይህን ፍርሃት ማብራሪያ ሳያስፈልገው ያውቀዋል። ዩኒኮድ በ1999 ሦስተኛ እትሙ ውስጥ የግዕዝን ፊደል ከማስገባቱ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ መጻፊያ የየራሱ ኮድ ነበረው። በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት የማይነበብ ነበር፤ ሻጩ ሲጠፋ ደብዳቤውም ይጠፋል። ዛሬ ኤስቢሲኤል ላይ የ«ሀ»ን ቁጥር ብትጠይቁት ያለ ምንም ጭማሪ 4608 ብሎ ይመልሳል። ብዙዎቻችን የምንጽፍበት ኪይማንም በአንድ ግለሰብ ኩባንያ ሲሸጥ የኖረ ነበር፤ በ2015 ኤስአይኤል የሚባለው የቋንቋ ድርጅት ወሰደው፣ በኋላም ያለ ክፍያ ሆነ። ባለቤቱ በሕይወት እያለ፣ ምርቱም እየሠራ ነው የተሻገረው። ጊዜው ላይ ነው ነገሩ።

ጊዜ ስል፣ ያልሆነላቸውም አሉ። ስሞልቶክ የሚባለው ቋንቋ በ1990ዎቹ መጀመሪያ በብዙ ሺህ ዶላር ይሸጥ ነበር፤ በ1995 ጃቫ ማንም ሊያወርደው በሚችል መልኩ ሲመጣ ሻጮቹ ዋጋ ለመቀነስ እንኳ ጊዜ አላገኙም። የካርል ሳሰንራዝ ሬቦል የሚገርም ቋንቋ ነበር፤ ኮዱ የተከፈተው በ2012 መጨረሻ፣ ተጠቃሚው ከተበተነ በኋላ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

የሆነላቸውን ሳይ ደግሞ ኮምፓይለሩን ራሱን ሸጦ የበለጸገ አላገኘሁም። በስዊድኑ የስልክ መሣሪያ ኩባንያ በኤሪክሰን ውስጥ በ1998 አንዱ ክፍል ኤርላንግ የሚባለውን የቤቱን ቋንቋ ለአዲስ ምርት እንዳይጠቀሙበት አገደ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ኮዱ በነፃ ተለቀቀ፤ ጆ አርምስትሮንግና ጓደኞቹም ወጥተው ብሉቴል የሚባል ኩባንያ አቋቋሙ። ብሉቴል በ2000 በ152 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። ያ ኮድ ኤሪክሰን መጋዘን ውስጥ ቀርቶ ቢሆን ኖሮ፣ ከሪያድ ወይም ከቤይሩት ለእናቷ የድምፅ መልእክት የምትልክ ልጅ የምትጠቀምበት የዋትስአፕ ሰርቨር በሌላ ቋንቋ ይጻፍ ነበር። የተጻፈው በኤርላንግ ነው።

የሊስፕ ዘመድ የሆነው ክሎዠር ከሁሉም በላይ ያስደስተኛል። ሪች ሂኪ በ2005 ሲጀምረው ከጡረታ ቁጠባው እየበላ ነበር። በ2007 በነፃ ለቀቀው፣ በ2009 መጨረሻ ገንዘቡ ሲሟጠጥበት ተጠቃሚዎቹን በግልጽ አዋጡ አላቸው፣ አዋጡም። ቀጥሎ ብልሃት አደረገ፤ ቋንቋውን አልነካም፣ በሱ ላይ ዳቶሚክ የሚባል ዳታቤዝ ሠርቶ በ2012 ለሽያጭ አቀረበ። ደንበኛ ከሆኑት አንዱ የብራዚሉ ኑባንክ ነው። ባንኩ ሥራው በአብዛኛው በነዚህ ሁለት ነገሮች ላይ ስለቆመ በ2020 ሂኪ የሚሠራበትን ኩባንያ ጠቅልሎ ገዛው፣ በ2023 ደግሞ ዳቶሚክን ያለ ክፍያ አደረገው። የጋሼን ጥያቄ በትልቁ የጠየቀ ደንበኛ ማለት ይኼ ነው፤ «ማንን ልጥራ» ብሎ መጨረሻ ላይ ሰዎቹን ራሳቸውን ቤቱ አስገባቸው። ፍራንዝም ቢሆን ዛሬ ስሙ በብዛት የሚነሣው በግራፍ ዳታቤዙ በአሌግሮግራፍ ነው።

ጉግል በ2011 700 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ የጠቀለለው አይቲኤ ሶፍትዌር የአውሮፕላን ቲኬት ዋጋ የሚፈልግበትን ሞተር የጻፈው በኮመን ሊስፕ ነው። ኩባንያው ነፃ ኮምፓይለሮችን ብቻ ተጠቅሞ ዝም አላለም፤ ክሎዠር ሲኤል የሚባለውን (ከክሎዠር ጋር ስሙ ይመሳሰላል እንጂ ሌላ ነው) ለማሻሻል ገንዘብ ከፍሏል። ኮዱ ለሁላችንም ቀረ። እንዲህ ያለ አንድ ደንበኛ ለትንሽ ቋንቋ የአሥር ዓመት ዝናብ ነው። ችግሩ ዝናቡ ሲያባራ ነው፤ እንደ ጋርቤጅ ኮሌክተር (ያገለገለ ሜሞሪ የሚያጸዳው ክፍል) ጥገና፣ አዲስ ፕሮሰሰር ላይ ማስኬድ፣ ሰነድ ማስተካከል ያሉትን ሥራዎች ለፍቅር ብሎ የሚሠራቸው ሰው ጥቂት ነው። አዲስ ላይብረሪ መጻፍ ክብር አለው። የሰው ላይብረሪ ማስታመም የለውም።

ይህን በራሴ ሥራ ያየሁት ደረሰኝ ላይ ነው። ፒዲኤፍ የምታወጣ አንዲት ነፃ ላይብረሪ ነበረች፣ የእንግሊዝኛውን አሳምራ ታትማለች፤ አማርኛው ሲደርስ ከ«ፍሬን ሸራ» ይልቅ ተርታውን ባዶ ሳጥን ትደረድራለች። ገብቼ ሳይ ፊደሉን ከፎንቱ ውስጥ ስትፈልግ ቁጥሩ ከ255 በላይ ከሆነ ጥላው ነው የምትሄደው። የጻፋት ሰው ይህን ያደረገው በክፋት አይደለም፤ የሱ ደንበኛ ግዕዝ አያነብም። ከነካካት ዓመታት አልፈዋል። ሠራሁት፣ ማስተካከያውን ላክሁለት፣ እስከ አሁን መልስ የለም፤ እኔ በራሴ ቅጂ እየሠራሁ ነው፣ ቅጂውንም ለሁሉም ክፍት አድርጌዋለሁ።

ከዚያ ወዲህ ለደንበኞቼ በምጽፈው ዋጋ ማቅረቢያ ላይ «የመሣሪያ ጥገና» የሚል አንድ መስመር ጨመርሁ። ገንዘቡ የሚከፈለው ለባልደረባዬና ለኔ ነው፤ በሱ የምንገዛው ሰዓት ግን ለማንም ደንበኛ አይደለም፣ የምንጠቀምባቸውን ነፃ ላይብረሪዎች ለማስታመም ነው። ዶላር ውጭ ልኮ መርዳት ለኛ አስቸጋሪ ስለሆነ በጉልበት እናዋጣለን። ጋሼ መስመሯን ሲያዩ መነጽራቸውን አወጡ።

«ይቺ ምንድን ናት?»

ሳጥን ሳጥን ሆኖ የታተመውን የድሮ ደረሰኝ አሳየኋቸውና ነገሩን አስረዳሁ። የሌላው አስመጪ ደረሰኝም በዚሁ ይስተካከላል ወይ ብለው ጠየቁኝ። አዎ፣ ማንም ወስዶ ሊጠቀምበት ይችላል አልኳቸው። ትንሽ አሰቡ።

«እንግዲያው እሱም ግማሹን ይክፈል» አሉና ቁጥሩን ለሁለት ከፍለው ፈረሙ።